የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ በምን ይለካል?

በኢትዮጵያ የመንግሥት አገልግሎት ሁለት ለውጦች ጎን ለጎን እየተካሄዱ ነው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው "መሶብ" የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ባለጉዳይ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሳይንከራተት ጉዳዩን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲጨርስ የታሰበ ነው። ከአምስት ወራት በኋላ ደግሞ፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች አዲስ የደመወዝ ስኬል ወጣ። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተብሏል፤ አዳራሹም ኮምፒውተሩም ለዓይን ይሞላሉ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ምን ያህል ሊከፈለው ይገባል፣ ይህንስ ማን፣ ከምን ጋር አነጻጽሮ ይወስናል የሚለው ጥያቄ ግን የዚያን ያህል አልተነሣም።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። እስከ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ 1,100 ብር፣ የስኬሉ ጣሪያ 20,468 ብር ነበር። በ2017ቱ ማስተካከያ ዝቅተኛው ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ ጣሪያው 21,492 ብር ላይ ቆመ። በላይኛውና በታችኛው መካከል የነበረው ከ18 እጥፍ በላይ ልዩነት በአንድ ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ተኩል ወረደ። ዝቅተኛ ተከፋዩን ከኑሮ ውድነት ለመታደግ የተወሰደው ይህ እርምጃ በራሱ አይነቀፍም። ሆኖም የዓመታት ልምድና ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከመው ባለሙያ ያገኘው ጭማሪ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። የመስከረም 2018ቱ ስኬል ዝቅተኛውን 6,000፣ ከፍተኛውን 39,000 ብር በማድረግ ልዩነቱን እንደገና ወደ ስድስት እጥፍ ተኩል አሰፋው። መንግሥት ለዚሁ 160 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ ወጪ እንደሚጠይቀው አስታውቋል።

ይሁንና ብር ዛሬ የትናንቱ ብር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ አዲሱ ስኬል ሲጀምር ከ140 ብር አልፏል። በዚህ ስሌት የታችኛው ተከፋይ ገቢ ከ20 ዶላር በታች ተነሥቶ ከ40 ዶላር ጥቂት ከፍ ብሏል። የስኬሉ ጣሪያ ግን ከ350 ዶላር በላይ ከነበረበት፣ ሁለት ጭማሪዎችን አልፎም፣ ከ280 ዶላር በታች ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር ወጣት የተወሰነለት 11,500 ብርም ግብርና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ሲቀነስለት 8,600 ብር ገደማ ሆኖ እጁ ይገባል። በእርግጥ ሠራተኛው ጤፍ የሚሸምተውና የቤት ኪራይ የሚከፍለው በዶላር አይደለም። መድኃኒቱ፣ ዘይቱና የታክሲው ነዳጅ ግን የዶላርን ዋጋ ተከትለው ይመጣሉ።

በ2011 ዓ.ም. ተግባራዊ የሆነው የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ የመንግሥትን የሥራ መደቦች በ22 ደረጃዎች አሰልፏል። ሥራዎች እርስ በርስ ተመዝነው ነጥብ ተሰጣቸው፤ ይህም ተመሳሳይ ሥራ እየሠሩ የተለያየ ደመወዝ የማግኘትን ቅሬታ ለማስወገድ ያለመ ነበር። እንዲህ ያለው ምዘና የሒሳብ ባለሙያውን በሌላ መሥሪያ ቤት ካለው የሒሳብ ባለሙያ ጋር ያስተካክለዋል፤ መንገድ ተሻግሮ ባንክ ውስጥ ከተቀጠረው የክፍል ጓደኛው ጋር ግን አያነጻጽረውም። ሠራተኛው በበኩሉ ራሱን በየቀኑ የሚያነጻጽረው ከዚሁ ጓደኛው ጋር ነው። ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አለመኖሩም ንጽጽሩን መነሻ ያሳጣዋል።

ጎረቤት ኬንያ ይህን ጥያቄ ለአንድ ተቋም ሰጥታለች። በ2010 እ.አ.አ. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 230 ያቋቋመው የደመወዝና ክፍያ ኮሚሽን የባለሥልጣናትን ደመወዝ ይወስናል፤ ስለ ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ምክር ይሰጣል። ሲወስን አገሪቱ የመክፈል አቅም እንዳላት፣ ባለሙያ ለመሳብና ለማቆየት እንደሚበቃ፣ ምርታማነትንና ፍትሐዊነትን እንዲያገናዝብ ሕገ መንግሥቱ ያዝዘዋል። የደመወዝ ወጪ ከመንግሥት ገቢ 35 በመቶ እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብም አለ፤ ወደዚያ ወለል መውረዱ ግን ለዓመታት አልተሳካም። በ2024 ክረምት የኬንያ ወጣቶች የግብር ሕጉን ተቃውመው አደባባይ በወጡ ጊዜ፣ ለባለሥልጣናትና ለምክር ቤት አባላት አስቀድሞ የተፈቀደው ጭማሪ እንዲታገድ የተደረገውም ተመኑ በይፋ ታትሞ ሁሉም ሊያነብበው ይችል ስለነበር ጭምር ነው።

ኮሚሽን መኖሩ ብቻውን ሰላም አያወርድም። በዚያው ዓመት የኬንያ ሐኪሞች ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ለ56 ቀናት ሥራ አቁመው ነበር። ዋናው ክርክር የተግባር ልምምድ ላይ ላሉ ሐኪሞች በ2017 እ.አ.አ. በተፈረመ ስምምነት በተወሰነው 206,000 ሽልንግ እና መንግሥት አቅሜ ይህ ነው ባለው 70,000 ሽልንግ መካከል ነበር። በኢትዮጵያም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የክፍያ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ፣ በርካቶች መታሰራቸውን የመብት ድርጅቶች ገልጸዋል። የናይሮቢው ክርክር በእጅ ባለ ሰነድ ላይ ሲሆን፣ የአዲስ አበባው የሚጠቀስ ስምምነት እንኳ አልነበረውም።

አገልግሎትን የማዘመኑ ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው "የሻይ" የሚባለው ነው። ኬንያ ከ2013 እ.አ.አ. ጀምሮ የሁዱማ ማዕከላትን ከፍታ፣ ቀጥላም ክፍያን በስልክ ስታደርግ፣ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት አጋጣሚ ጠበበ። መሶብም ተመሳሳይ ተስፋ ተጥሎበታል። ጉቦ ነውር መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ደመወዙ ለወሩ አጋማሽ የማይደርስለት ሠራተኛ ያንን ቀዳዳ ሲያጣ ወይ ይለቃል፣ ወይ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ይይዛል፣ ወይ "ሲስተም የለም" ማለትን ይለምዳል። ሁለተኛው ደግሞ ሲስተሙን የሚጠብቀው የሶፍትዌር ባለሙያ ነው፤ እርሱን የግል ኩባንያና የውጭ አገር ቀጣሪም ይፈልጉታል፣ በስኬሉ ላይ ያለው ስፍራ ግን ይህን ፉክክር አያውቅም።

ክልሎች ደግሞ የራሳቸው ፈተና አለባቸው። የፌዴራል መንግሥቱ ያወጣው ስኬል በወረዳ ደረጃ የሚከፈለው ከክልሉ ካዝና ነው። ባለፉት ዓመታት በወላይታ ዞን መምህራን ደመወዛቸው በወቅቱና በሙሉ እንዳልተከፈላቸው በተደጋጋሚ አቤት ሲሉ ቆይተዋል። ለእነዚህ መምህራን ከምን ጋር እንነጻጸር የሚለው ጥያቄ ገና ተራው አልደረሰም፤ የሚጠብቁት የወሩን መጨረሻ ነው።