ማንበብና ማስተዋል

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የተጻፈውን ታሪክ የማያውቅ ቤተ ሰብ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ጃንደረባው ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስም የንባቡን ድምፅ በጆሮው ሰምቶ ነበርና፥ ማንበብ መቻሉን አልጠየቀውም፤ የጠየቀው ማስተዋሉን ነው። እኛም ስለ መሠረተ ትምህርት በምንነጋገርበት ጊዜ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይተን ካላየናቸው ብዙ እንሳሳታለን።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልዩነቱን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ልጁ ፊደል ቈጥሮ፥ አቡጊዳውን ለይቶ፥ መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ ዘልቆ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን የደገመው በግእዝ ስለ ሆነ፥ ምስጢሩ የሚገለጥለት ቅኔ ቤት ገብቶ፥ ኋላም በመጽሐፍ ቤት ከትርጓሜ መምህር እግር ሥር ሲቀመጥ ነው። ከዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነው። መጻፍማ የቁም ጸሓፊዎች ሙያ ሆኖ ለብቻው ይኖር ነበር፤ እንዲያውም ብርዕ የያዘ ሰው ክታብ ጻፈብኝ ተብሎ ይፈራ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ልጁ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ያነብና «ምን ይላል?» ሲሉት ጣራ ጣራ ያያል። ይህን ያላየ መምህር ያለ አይመስለኝም።

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ውስጥ ማንበብ የሚችሉ ሆነው የተቈጠሩት ከመቶ ሴቶች 42፥ ከመቶ ወንዶች 69 ናቸው። ፈተናው በካርድ ላይ የተጻፈች አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ ከፊሏን ብቻ ያነበበም ከሚያነብቡት ጋራ ተቈጥሯል። በትምህርት ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰ ሳይፈተን ታለፈ።

ለኑሮ የሚያስፈልገው ግን ከዚህ ይበልጣል። በብዙ ገጠር የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስም አብሮ እንዲጻፍ መደረጉ ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ባሏ የሞተባት እናት መሬቷን ለማከራየት ስትዋዋል፥ ወረቀቱ 3 ዓመት ይበል 30 ዓመት የምታውቀው አንባቢው እንደ ነገራት ነው። አንባቢው ተከራዩ ራሱ ሲሆን ደግሞ አስቡት። ሕግ አውጪዎች ይህን ተመልክተው ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1728፥ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጣቱ የፈረመበት ውል፥ ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። መልካም ጋሻ ነው፤ ግን ጋሻው መኖሩን የሚያውቀው ያው ያነበበ ሰው ነው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደርሶ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ስለ መንግሥቱ ሌላ ሥራ የሚፈርድ ይፍረድ፤ ብዙ እናቶች ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ግን ያን ጊዜ ነው። የጐደለው ኋላ ነው፤ በየቤቱ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ብዙዎች ያወቁትን ረሱት።

ስለዚህ ሥራው የቤትም ነው። የሕፃኑ የክትባት ካርድ፥ የመድኃኒቱ ወረቀት፥ የዕድሩ ደንብ በቤት ውስጥ ድምፅ ተሰምቶ ይነበብ፤ ከንባቡም በኋላ «ምን ይላል?» ይባል። ጥያቄውም ለልጆች ብቻ ሳይሆን ለአባትም ይቅረብ፤ አባት አይጠየቅም የሚሉ ቤቶች አሉና።

ጳጉሜን 3 ቀን፥ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1967 ጀምሮ የዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀን ሆኖ ይታሰባል። በዚያ ዕለት ልጆች በዝናቡ ከተጠመቁ በኋላ የመሬቱን ደብተር ከሣጥን አውጥተው ለእናታቸው ያንብቡላት፤ ስሟ የተጻፈበትንም መስመር ያሳዩአት።