«ተሰጥኦ ያለው ራሱ ይወጣል» ለምትሉን

የብሔራዊ ቡድናችን ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ አለ። «ልጅ የለም። ቢኖርማ ራሱ ይወጣ ነበር።» ይሄን የሚል ሰው ኮልፌ መጥቶ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ቆሞ እንደማያውቅ እምላለሁ።

እስቲ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። እዚያ በታሪክ የጥቁሮች የሚባሉ ኮሌጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ጥቁር ተማሪ ሌላ ቦታ በማይገባበት ዘመን የተቋቋሙ። ዋልተር ፔይተን ከጃክሰን ስቴት፣ ጄሪ ራይስ ከሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት ነው የወጡት። (የማወራው በእጅ ስለሚጫወቱት የእነሱ ፉትቦል ነው፤ ስሙ አያጣላን።) እ.ኤ.አ. በ2021 የኤንኤፍኤል ክለቦች 259 ልጆች መረጡ። ከነዚህ ኮሌጆች ስንት የወሰዱ ይመስላችኋል? ዜሮ! ተሰጥኦው በአንድ ዓመት ደረቀ? ኮሮና ውድድራቸውን ስላስተጓጎለው ልጆቹን ያየ ሰው አልነበረም፣ በቃ። ድሮም ቢሆን ዓይን የሚጥልባቸው ትንሽ ነው።

ዳግ ዊሊያምስ እና ጄምስ ሃሪስ ከግራምብሊንግ የወጡ ናቸው። ዊሊያምስ በ1988 ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ነው። ሁለቱ ሆነው ለነዚህ ኮሌጆች ምርጦች ብቻ የሚሆን ጨዋታ አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው በየካቲት 2022 ኒው ኦርሊንስ ላይ ተካሄደ። መልማዮች መጡ፣ ቴሌቪዥን አሳየው። በዚያው ዓመት ከነዚህ ኮሌጆች አራት ልጆች ተመረጡ። በጨዋታው ምክንያት ነው አልልም፤ ግን ቢያንስ «አላየናቸውም» የሚባል ሰበብ ቀርቷል።

እንደ አስተማሪ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ከጨዋታው ጎን ቀጣሪ ድርጅቶች የሚመጡበት የሥራ አውደ ርዕይ አለ። አብዛኛው ልጅ ፕሮፌሽናል እንደማይሆን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ባዶ እጁን አይሸኙትም። እኛ ጋ ኳስ የሚወድ ተማሪ ወይ «ዱርዬ» ነው፣ ወይ ነገ አውሮፓ የሚሄድ ኮከብ። መሀሉን ማን ያስብለት?

«አሜሪካ ብር አላት» እንዳትሉኝ። የኛ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋም በጀት ነው፤ ማለትም በነዚሁ ልጆች ወላጆች ግብር። ታዲያ አሰልጣኞቻቸውን በዓመት አንድ ቅዳሜ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች መላክ ስንት ያስወጣል? የታክሲ ነው! አሁን ያለው መንገድ እኮ ክፍያ የሚችል ልጅ አካዳሚ፣ ሰው የሚያውቅ ልጅ ሙከራ፣ ሌላው ደግሞ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ጫማውን መስቀል ነው። ስለ ሴቶቹማ ባልጀምር ይሻላል፤ ለነሱ ሙከራም ብርቅ ነው።

ደግሞ «ልጅ የለም» ይባላል! በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍናት እኮ በሜዳችን ሳይሆን ማላዊ ሊሎንግዌ ተሰደን ነው፤ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረን። የጎደለው ልጅ ነበር ወይስ ሜዳ?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። በየክፍለ ከተማው ከመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምርጥ ወንዶችና ሴቶች ይመረጡ፣ ሰኔ ላይ ከፈተና በኋላ አንድ ቀን ይጋጠሙ፣ ክለቦች በደብዳቤ ይጠሩ፣ የሙያ ኮሌጆችና ቀጣሪዎች ጠረጴዛ ይዘው ይምጡ። ዳኛ ከጠፋ የስፖርት መምህራኑ አለን። የክለብ ሰዎች እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ትመጣላችሁ ወይስ አትመጡም? ኮሜንት ላይ በስማችሁ መልሱልኝ።