ተምችን በዘመቻ ሳይሆን በአሰሳ

የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም ነው። ዛሬ እንግዳ አይደለም። ይሁንና አሁንም የምንሯሯጠው የበቆሎው ቅጠል ተበሳስቶ ከመንገድ ሲታይ ነው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

የእሳት እራቷ በሌሊት ከ100 እስከ 200 የሚደርስ እንቁላል በአንድ ቦታ ቅጠል ላይ ትጥላለች። በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። ትሉ ትንሽ ሳለ ቅጠሉን እየፋቀ መስኮት የመሰለ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ሲያድግ ግን የበቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ በራሱ ኩስ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚረጨው ኬሚካል በቀላሉ አያገኘውም። የአርሶ አደሩ ገንዘብ ይባክናል፤ ንቦችም ይጎዳሉ። (ስለ ንቦቹ የሚጠየቅበት የግምገማ መድረክ እምብዛም አላጋጠመኝም።)

በእኔ እምነት የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሪፖርት መለኪያ መቀየር አለበት። ስንት ሊትር ተረጨ ከማለት በፊት፣ በቆሎው ከበቀለ ጀምሮ ስንት ማሳ በየሳምንቱ ታሰሰ ይባል። እንቁላሉን ሳይፈለፈል መጨፍለቅ፣ ትሉን በእጅ ለቅሞ መግደል ቤተሰብ የሚችለው ሥራ ነው፤ ግማሽ ሄክታር ላላት እማወራ ከኬሚካል ግዢ ይልቅ ይህ ይቀላታል። መርጨት ግድ ከሆነም ትሉ ትንሽ ሳለ፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን።

የልማት ሠራተኛው ግን በሰኔና በሐምሌ ለሌላ ሥራ ከቀበሌው እየተጠራ አሰሳውን ማን ያስተባብር? መልሱን ከወረዳ አስተዳደሮች እንጠብቃለን።