«የዶሮ ሽቦ» ዶሮን አይጠብቅም

በአገራችን ገጠር ዶሮ የምታድረው ከሰው ጋር፣ በቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ነው፤ ሸለምጥማጥ ቢመጣ ባለቤቱ በጩኸቷ ይነቃል። በሚኒሶታዋ ሻኮፒ ግን የዶሮ ቤት በጓሮ ለብቻው ይቆማል። ሌሊቱን ዘብ የሚያድረው ሽቦው ብቻ ነው።

«የዶሮ ሽቦ» እየተባለ የሚሸጠው ባለስድስት ጎን መረብ በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ኖርዊች የተፈለሰፈ ነው። ዶሮዋን ከመውጣት ያግዳታል፤ አውሬን ከመግባት ግን አያግድም። ራኩን ይቀድደዋል፤ መቅደድ ቢያቅተው እንኳ እጁን በቀዳዳው አሾልኮ የተኛችውን ይጎትታል። ዊዝል የተባለችው ቀጭን አውሬ ደግሞ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ታልፋለች።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ መገጣጠሚያው የተበየደ፣ ዚንክ የተለበጠ፣ ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ19 ጌጅ ሽቦ ነው። (የጌጁ ቁጥር ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒው ይመስለዋል።) በትንንሽ ሚስማር ብቻ አይያዝ፤ በብሎንና በሮንዴላ ይጥበቅ። ቀበሮ ከሥር ስለሚቆፍር ግርጌው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ታጥፎ ይቀበር፤ ይህም የሚኒሶታ መሬት በብርድ ሳይጠጥር መሆን አለበት።

ዋጋው መክበዱ አይካድም። ገንዘብ ያጠረው ከማደሪያው ይጀምር፤ ዶሮዎቹ ቀን የሚውሉበት አጥር እስከሚቀጥለው ደመወዝ ሊቆይ ይችላል።