እርድ መድኃኒት ከመባሉ በፊት ንጹሕ ይሁን

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርድ ከቡና፣ ከኮረሪማና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣ የቅመማ ቅመም ሰብል ነው። በተለይ በሸካ ዞን የኪ ወረዳና በአጎራባች የቤንች ሸኮ አካባቢዎች ብዙ አርሶ አደሮች የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍኑት፣ ግብራቸውን የሚከፍሉት ከእርድ ሽያጭ በሚያገኙት ገቢ ነው። ሰብሉ ሙቀትና በቂ ዝናብ ይወዳል፤ መጠነኛ ጥላ ይችላል፤ በመሆኑም ከዛፍ ሥር ተስማምቶ ይበቅላል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ እርድ ከአልጫ ወጥ ማቅለሚያነት አልፎ ሌላ ስም አግኝቷል። «ስኳርን ያጠፋል፣ ካንሰርን ይከላከላል፣ ጉበትን ያጥባል» የሚሉ መልእክቶች ከእጅ ስልክ ወደ እጅ ስልክ ይተላለፋሉ። ከማር ጋር የተለወሰው፣ በብልቃጥ የታሸገው እርድ በየገበያው ይሸጣል። ወሬው ለአምራቹ ጥቅም የሚያመጣ ይመስላል። ሆኖም በሽታ ያድናል እየተባለ የሚሸጥ ምርት ሳያድን ሲቀር ገዢው ፊቱን ያዞራል፤ የታመመው ሰው ደግሞ ከሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት አቋርጦ ከሆነ ጉዳቱ በገንዘብ የሚመለስ አይሆንም። ስለዚህ በእርድ ጉዳይ እውነቱን ከማጋነኑ መለየት የጤና ባለሙያው ብቻ ሳይሆን የግብርናውም ሥራ ነው።

እውነቱ ምንድን ነው? ለእርድ ቢጫ መልኩን የሚሰጠው ኩርኩሚን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። በቤተ ሙከራ ጥናቶች ኩርኩሚን እብጠትንና ብግነትን የመቀነስ ባሕርይ እንዳለው ታይቷል። በሰዎች ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ውስጥ የተሻለ ተስፋ የታየው በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ላይ ነው፤ በርካታ አነስተኛ ጥናቶች ሕመሙን በተወሰነ ደረጃ እንደሚያስታግስ አመልክተዋል። ከዚህ አልፎ ካንሰርን ወይም የስኳር በሽታን ያድናል የሚያሰኝ ማረጋገጫ የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በጆርናል ኦፍ ሜዲሲናል ኬሚስትሪ የታተመ ሰፊ ግምገማም ኩርኩሚን በቀላሉ የሚበላሽና በሰውነት ውስጥ በሚገባ የማይሰርጽ መሆኑን አስረድቶ፣ ብዙ የተወራለት ጥቅሙ በጠንካራ ሙከራ አለመረጋገጡን አሳይቷል።

የመጠኑም ነገር መታሰብ አለበት። በደረቅ እርድ ውስጥ የሚገኘው ኩርኩሚን በአብዛኛው ከመቶ 2 እስከ 5 ያህል ብቻ ነው። ሦስት ግራም የምትመዝን አንዲት የሻይ ማንኪያ ዱቄት 100 ሚሊ ግራም ገደማ ብትይዝ ነው። በጉልበት ሕመም ጥናቶች ላይ ለታማሚዎች ሲሰጥ የነበረው ግን በቀን ከ500 እስከ 1500 ሚሊ ግራም የሚደርስ ተጣርቶ የወጣ ኩርኩሚን ነው። እንግዲህ ወጥ ውስጥ የሚጨመር እርድ መልካም ምግብ ነው እንጂ የሐኪም መድኃኒት ምትክ አይደለም።

የቤት አሠራሩ ግን ጥበብ አለው። ኩርኩሚን በውኃ አይሟሟም፤ በቅባት ይሟሟል። ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይሰርጻል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት 20 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን፣ ማለትም የቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር፣ ከ2 ግራም ኩርኩሚን ጋር ሲሰጥ ወደ ሰው ደም የሚገባው መጠን በ20 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። በቅቤ ወይም በዘይት ተቁላልቶ፣ ቁንዶ በርበሬ ጣል ተደርጎበት የሚሠራ አልጫ እርድን በውኃ በጥብጦ ከመጠጣት ይሻላል ማለት ነው። ሁለቱም ቅመሞች በአንድ አካባቢ ማሳ ላይ ይገኛሉ።

በሌላ በኩል ብዙ መውሰድ ጉዳት አለው። በእንክብል መልክ የተዘጋጀ ከፍተኛ መጠን ያለው እርድ የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው እንደተጎዳ በጣሊያንና በአሜሪካ ተመዝግቧል። የሐሞት ጠጠር ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እርድን እንደ መድኃኒት መውሰድ የለበትም። ነፍሰ ጡር እናትም ከምግብ መጠን ባያልፍባት ይመረጣል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን እርዱ ራሱ ሳይሆን እርዱ ላይ የሚጨመረው ነው። ለዚህ የባንግላዴሽ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጎርፍ ምክንያት የእርድ ምርት ረጥቦ መልኩ ደበዘዘ። ነጋዴዎችም ደማቅ ቢጫ መልክ ለመስጠት ሊድ ክሮሜት የተባለ የቀለም ኬሚካል በደረቁ ሥር ላይ መቀባት ጀመሩ። ይህ ኬሚካል እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት የያዘ ሲሆን፣ እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ የአዋቂዎችን ልብና ኩላሊት ያውካል። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ጉዳዩን ይፋ ሲያደርጉ ከገበያ ከተወሰዱት ናሙናዎች 47 በመቶው እርሳስ ተገኘባቸው። መንግሥት ነጋዴዎችን ቀጣ፤ ማስጠንቀቂያ በየገበያው ለጠፈ፤ በቦታው የሚመረምር መሣሪያ ለተቆጣጣሪዎች ሰጠ። በ2021 በተወሰዱት ናሙናዎች ቁጥሩ ዜሮ ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር መጨበጥ ይገባል። አንደኛ፣ የማጭበርበሩ መነሻ በአግባቡ ያልደረቀ ምርት ነበር። ሁለተኛ፣ ቁርጠኛ ቁጥጥር ካለ ችግሩን በሁለት ዓመት ውስጥ ማስወገድ ይቻላል። ደቡብ ምዕራቡም ዝናብ የሚበዛበት አካባቢ ነው። መከሩ ዘግይቶ የበልግ ዝናብ የደረሰበት፣ በመሬት ላይ የተሰጣ እርድ ይሻግታል፤ ይጠቁራል። የጠቆረ እርድ ደግሞ ዋጋ አያወጣምና ለቀለም ቀቢው በር ይከፍታል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ጥንቃቄው አሁን ነው።

ጥንቃቄው በአርሶ አደሩ ደጃፍ ይጀምራል። እርድ ከተተከለ ከ8 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ይቆፈራል። አፈሩ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ዋናው ሥር ከጣት መሰሎቹ ቅርንጫፎች ይለያል፤ ውፍረታቸው ስለሚለያይ አብረው ቢቀቀሉ አንዱ ሲበስል ሌላው ጥሬ ይቀራል። በተቆፈረ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ስንጥር ያለ ችግር እስኪወጋው ድረስ ይቀቀላል። ቅቀላው ቀለሙ በሥሩ ውስጥ እኩል እንዲሰራጭና ቶሎ እንዲደርቅ ይረዳል። ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ከ10 እስከ 15 ቀን ይሰጣል፤ ማታ ማታ ይሸፈናል። ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደርቋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ሳይደርቅ በጆንያ የታሸገ እርድ ሻጋታ ይዞ ይገኛል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝም በጉበት ላይ ጉዳት ያደርሳል። ለጉበት ይበጃል ተብሎ የተገዛው እርድ ጉበትን የሚጎዳው እንዲህ ነው።

«ጥሩውም መጥፎውም በአንድ ዋጋ እየተሸጠ ለምን እደክማለሁ?» የሚል አርሶ አደር ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከእርሱ አይጠበቅም። መልስ መስጠት ያለባቸው የወረዳው ግብርናና ንግድ ጽሕፈት ቤቶች እንዲሁም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። የወረዳ ሪፖርት ስንት ሄክታር እንደተተከለና ስንት ኩንታል ለገበያ እንደቀረበ ይናገራል፤ ከኩንታሉ ምን ያህሉ በአግባቡ እንደደረቀ ግን አይናገርም። የማይቆጠር ነገር ደግሞ አይሻሻልም። ማኅበራቱ ምርቱን በደረጃ ለይተው ለደረቀውና ለጸዳው ብልጫ ያለው ዋጋ ቢከፍሉ አርሶ አደሩ ያለ ስብሰባ ይለወጣል።

ቅቀላው ማገዶ እንደሚፈጅም መታወቅ አለበት። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሀብት ነው። እያንዳንዱ ቤት በየራሱ ድስት እየቀቀለ ደኑን ከሚያራቁት፣ በቀበሌ ደረጃ የጋራ መቀቀያና ማድረቂያ ቢዘጋጅ እንጨትም ይቆጠባል፤ ጥራቱም አንድ ዓይነት ይሆናል።

ለመዘግየት ምክንያት የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተቀሰቀሰው የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በዚሁ አካባቢ በአንድ ሰብል ላይ የተመሠረተ ገቢ ምን ያህል በፍጥነት ሊጠፋ እንደሚችል አሳይቷል። ያን ጊዜ ማሳውን ያጠፋው በሽታ ነበር። የእርድን ገበያ ሊያጠፋው የሚችለው ግን እምነት ማጣት ነው፤ ለእምነት ማጣት ደግሞ የሚረጭ መድኃኒት የለውም።

ስለሆነም የወረዳ ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ላይ ሆነው ሁለት መልእክት ለሕዝቡ ቢያደርሱ ይበቃል። ለሸማቹ፦ እርድ በምግብ ውስጥ ይጠቅማል፤ የታዘዘልህን መድኃኒት ግን አታቋርጥ። ለአምራቹ፦ አጥበህ፣ ቀቅለህ፣ አድርቀህ አቅርብ፤ ዋጋህንም በደረጃው ጠይቅ። ተቆጣጣሪው በገበያ ላይ ያለ አግባብ የደመቀ እርድ ሲያይ ናሙና ወስዶ ያስመርምር። አርሶ አደሩ በንጽሕና ያደረቀው እርድ ያለ ማጋነንም ገዢ አያጣም።