የመተማው ቅርንጫፍ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

እስኪ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። መተማ ዮሐንስ ያለ አንድ የባንክ ሠራተኛ ወደ ጎንደር ተዛወረ እንበል። የቢሮ ቁልፍ አስረከበ፣ ክሊራንስ አስፈረመ፣ ጓደኞቹም ሸኙት። ሲስተም ውስጥ የሚገባበትን አካውንትስ ማን ተረከበው?

መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛቸውን ስም፣ ፓስወርድና ሥልጣን የሚይዙበት መዝገብ ዛሬ ክላውድ ላይ መቀመጥ ይችላል። በዓለም ላይ ከታወቁት አንዱ የማይክሮሶፍት ኤንትራ አይዲ ነው፤ እስከ 2015 ዓ.ም. አዙር አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይባል ነበር። መዝገቡ ማን እንደሚገባ ይወስናል። የተረሳ ስም ሲኖር ግን ሁልጊዜ አይጮህም። ስለዚህ የደኅንነት አቋምን ከሚከታተል መሣሪያ ጋር ይያያዛል። መሣሪያው መዝገቡን እያነበበ ይጠይቃል፦ ይህ አካውንት ለወራት ማንም አልገባበትም፣ ለምን ክፍት ሆነ? ይህ አስተዳዳሪ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ ለምን ይገባል? ይህ አሮጌ አፕሊኬሽን ይህን ሁሉ ሥልጣን ማን ሰጠው?

የእኛ አቋም ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ይያያዙ። ሳይቃጠል በቅጠል!

ማስረጃ ለሚሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካውን የነዳጅ መስመር ኮሎኒያል ፓይፕላይንን ለቀናት ያዘጋው ጥቃት የገባው ማንም በማይጠቀምበት፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም በሌለው አንድ አካውንት ነበር። ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። ማይክሮሶፍት ራሱም አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሰርጎ ገቦች አንድ አሮጌ የሙከራ አካውንት አገኙ፤ ከዚያም ሥልጣኑ በበዛ አሮጌ አፕሊኬሽን በኩል የከፍተኛ አመራሮቹን ኢሜይል እስከ ማንበብ ደረሱ። በሁለቱም በር የሰበረ የለም። ቁልፉ ተረስቶ ነበር።

«ጠባቂውስ ሌባ ቢሆን?» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተጋለጠው የሶላርዊንድስ ጉዳይ የተመረዘው ራሱ የኔትወርክ መከታተያው ሶፍትዌር ነበር፤ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞች የተበከለውን ማሻሻያ ወስደዋል። ስለዚህ መከታተያው መዝገቡን ያንብብ፣ አይጻፍበት። ሲያያዝ «ሁሉንም ፍቀድ» የሚለውን ተጭኖ መሄድ፣ የግቢውን ቁልፍ ሁሉ ለዘበኛው ሰጥቶ እንደ መተኛት ነው። የራሱ የመከታተያው አካውንትም ይቆጠር፣ ይፈተሽ።

አሁን ወደ ቆላው እንመለስ። ደንቡ አዲስ አበባ ላይ ሲወጣ ቀላል ይመስላል፦ ማንም ሲገባ ስልኩ ላይ የሚመጣለትን መልእክት ያጽድቅ። በአማራ ክልል ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የቅርንጫፉ መስመር ቢሠራ እንኳ ስልኩ ላይ ዳታ የሌለው ሠራተኛ ምን ያጽድቅ? ያን ጊዜ ሁለት ክፉ አማራጮች ይመጣሉ። አንዱ «መተማና ገንዳ ውሃ ከደንቡ ይውጡ» ብሎ በሩን ክፍት መተው ነው። ሌላው መከታተያው ቀይ ምልክት ስላሳየ ብቻ አካውንቱን ዘግቶ፣ ሰሊጡን ሸጦ ገንዘቡን ሊያወጣ የመጣውን ገበሬ በዚያ ሙቀት «ሲስተም የለም» ብሎ መመለስ ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ስልክ ላይ የሚጫን የኮድ አፕሊኬሽን ያለ ኢንተርኔት በየ30 ሰከንዱ አዲስ ቁጥር ያወጣል። ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ የደኅንነት ቁልፍም የሞባይል ዳታ አይፈልግም። ልዩ ፈቃድ የግድ ከሆነም ምክንያት፣ ኃላፊና የማብቂያ ቀን ይኑረው፤ ቀኑ ሲያልፍ መከታተያው ይጩህ። ከመዝጋት በፊት ደግሞ አንድ ስልክ ይደወል። ማሽኑ የሚያየው ቀይ ምልክት ነው፤ መስኮቱ ፊት የተሰለፈውን ሰው አያይም።

ይህ ለምን እኛን ያሳስበናል? ዛሬ ጣታችን፣ ዓይናችንና ፊታችን ባለ 12 አኃዝ በሆነው በፋይዳ ቁጥር ተመዝግቧል። ብሔራዊ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳን ግዴታ ሲያደርግ በአዲስ አበባ ጀምሮ ወደ ሌላው አገር ነው የሄደው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተቋማት የያዙትን መረጃ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። እኛ ማንነታችንን ስናስረክብ በጥንቃቄ ተፈትሸናል። የእኛን መዝገብ የሚከፍቱት ሰዎች አካውንትስ በዚያው ጥንቃቄ ይፈተሻል?

አደጋ ሁልጊዜ ከውጭ እንደማይመጣም እናውቃለን። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደንበኞች ከንግድ ባንክ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡባት ሌሊት የሳይበር ጥቃት አልነበረችም፤ ባንኩ እንዳለው ችግሩ ከራሱ ሲስተም ነበር። ጉዳዩ የአካውንት መዝገብ አይደለም፤ የራስን ቤት በየቀኑ መፈተሽ ግን ያው አንድ ነው።

ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ሞልቶናል። እኛ የምንጠይቀው ቀድሞ የሚጮህ፣ የቤቱንም ሰው የማይነክስ ነው።

ቸር እንሰንብት።