ሰዓቱን ሳታዩ ማሽኑን አታሻሽሉ

ወንድሞቼ፣ በሞያሌ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ኮምፒውተር ስትከፍቱና ስትገጥሙ ጠጉራችሁ የሸበተ እኩዮቼ፤ ይህን ማስጠንቀቂያ የጻፍኩት ለእናንተ እንጂ ለወጣቶቹ አይደለም። ወጣቶቹ የሚሠሩት ከእኛ ያዩትን ነው። በኬንያው በኩል «ምዜ»፣ በኢትዮጵያው በኩል «ጋሼ» ይሉናል። ስለሚያከብሩን ያልናቸውን ሁሉ ለምን ሳይሉ ያደርጋሉ። እኛ የናቅነውን እነሱም ይንቁታል፤ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

የናቅነው ነገር የማሽኑ የውስጥ ሰዓት ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ማሽኑም ተነቅሎ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ባለችው ሳንቲም በምታክል ባትሪ የሚሄደውን ሰዓት ማለቴ ነው። አንድ የሊኑክስ ማሽን የሲስተም መሣሪያዎቹ ከተሻሻሉለት በኋላ ሪስታርት ሲደረግ አልነሳ ካለ ወደዚህ ሰዓት ቀድሞ የሚያይ ጥቂት ነው። በየሱቁ የሚሰጠው ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ሆኗል። ባትሪ ቢቀየርለት፣ ቀኑም ቢስተካከልለት ይነሳ የነበረ ማሽን የሰው የዓመታት መዝገብ ተጠርጎለት ይወጣል። ይህ በደል ነው፤ ባለቤቱ ስለማያውቅ አይከሰንም እንጂ።

አደጋው በእኛ ከተማ የሚብስበት ምክንያት አለ። ኬንያም ኢትዮጵያም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት የሰዓት ቀጠና መዝገብ ውስጥ አዲስ አበባ ከናይሮቢ ጋር የተያያዘ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የትኛውን ብትመርጡ ልዩነት የለውም። ድንበር የሚሻገር ላፕቶፕ ሰዓቱ መነካት አያስፈልገውም ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው በአፋችን ነው። ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሲሆናት እኛ «ሦስት ሰዓት» እንላለን፤ ስዋሂሊ የሚናገረው ጎረቤታችንም «ሳ ታቱ» ይላል፤ ያው ሦስት ነው። የኬንያ ቢሮ ወረቀት ግን 9 ብሎ ይጽፋል። በባዮሱ ውስጥ ያለው ሰዓት ደግሞ በትክክል በዩቲሲ ከተሞላ በዚያችው ደቂቃ የሚያሳየው 6 ነው። ሦስት፣ ዘጠኝ፣ ስድስት፤ ሦስቱም ልክ ናቸው። ይህን ያላስተማርነው ልጅ ባዮስ ከፍቶ 6 ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ 9 ያደርገዋል፤ ካልሆነም 3።

ከሰዓቱ የቀን አቆጣጠሩ ይብሳል። የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ በሁለቱ አገሮች መሪዎች በተመረቀበት ዕለት አንዱ ወረቀት ዲሴምበር 9 ቀን 2020፣ ሌላው ኅዳር 30 ቀን 2013 ይል ነበር። እኛ ሁለቱ ቀናት አንድ መሆናቸውን በልባችን እናውቃለን፤ ማሽኑ ግን በመካከላቸው ሰባት ዓመት ያያል። ዛሬም ባዮስ ከፍቶ «2018» ብሎ የሚሞላ ሰው ማሽኑን ስምንት ዓመት ያህል ወደኋላ ይመልሰዋል። ጳጉሜን ላይ ከሆነ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያገኝ የመጣለትን ያስገባል።

አሁን ማሽኑ በሚነሳበት ጊዜ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ከርነሉ ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓቱን ከማዘርቦርዱ ያነባል። ከዚያ ዲስኩን የሚመረምረው ኤፍኤስሲኬ ይነሳል። ኢኤክስቲ4 በተባለው አደረጃጀት የተሠራ ዲስክ መጨረሻ የተከፈተበትንና የተጻፈበትን ጊዜ ራሱ ላይ መዝግቦ ይይዛል። መርማሪው ያንን ከአሁኑ ሰዓት ጋር ሲያስተያይ መዝገቡ «ወደፊት» ሆኖ ካገኘው ይጠራጠራል። ልዩነቱ ከአንድ ቀን ካነሰ፣ የውስጥ ሰዓቱ በስህተት የተሞላ ይሆናል ብሎ ራሱ አስተካክሎ ያልፋል። ከአንድ ቀን ከበለጠ ግን በብዙ ማሽን ላይ ቆሞ ሰው መጥቶ በእጁ እንዲመረምር ይጠይቃል። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ የሩት ፓስወርድ ጥያቄ፣ ከዚያ ወዲያ የለም።

ስለዚህ የጥቂት ሰዓት ስህተት ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል፤ የስምንት ዓመቱ ማሽኑን በር ላይ ያስቆመዋል። «ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክል የለም?» የሚል አለ። ዲስኩ ተመርምሮ ሳይከፈት ኔትወርክ አይነሳም። ከተነሳም በኋላ ቢሆን የቆየው የኤንቲፒ ፕሮግራም ልዩነቱ ከ1000 ሰከንድ ካለፈ፣ አስቀድሞ ካልተፈቀደለት በቀር፣ ሰዓቱን ሳያስተካክል ሥራውን ያቆማል። ማሻሻያ ከሚወርድበት ቦታም ፋይሉ «ገና አልጸናም» የሚል መልስ ይመጣል፤ የባንክና የመንግሥት ገጾች ምስክር ወረቀትም በ2018 ላለ ማሽን ገና ያልተሰጠ ወረቀት ስለሆነ ገጹ አይከፈትም።

የመሣሪያዎች ማሻሻያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዩቲል ሊኑክስ የሚባለው ጥቅል እንደ ተራ ፕሮግራም የሚታይ አይደለም። ዲስክ የሚከፍተው፣ ክፍልፋዮችን የሚለየው፣ የዲስክ ምርመራውን የሚጠራው፣ የውስጥ ሰዓቱን የሚያነበውና የሚጽፈው መሣሪያ ሁሉ ከዚያ የወጣ ነው። ጥቅሉ ሲታደስ የማሽኑ አነሳስ በሙሉ ይነካል። በኡቡንቱ 24.04 ላይ ሰዓቱን የሚያነበው ኤችደብልዩ ክሎክ የተባለው ትእዛዝ ከዋናው ጥቅል ወጥቶ ዩቲል ሊኑክስ ኤክስትራ ወደተባለ ተጨማሪ ጥቅል ተዛውሯል። ስለዚህ ከአሮጌው እትም የመጣ፣ ሲነሳ ሰዓቱን በዚህ ትእዛዝ የሚያስተካክል የራሳችሁ ስክሪፕት ካለ «ትእዛዙ አልተገኘም» ብሎ ይወድቃል። ትእዛዙ አልጠፋም፤ ተጨማሪውን ጥቅል መጫን ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ግን ሃርድዌሩ ተቃጥሏል ይላል።

ሁለተኛው መውደቂያ አጅታይም የተባለችው ትንሽ ፋይል ናት። በኢቲሲ ማኅደር ውስጥ ትገኛለች፤ ሦስት መስመር ብቻ አላት። ሦስተኛው መስመር የውስጥ ሰዓቱ በዩቲሲ ነው ወይስ በአካባቢ ሰዓት የሚለውን ይናገራል። ፋይሏ ከጠፋች መሣሪያው ዩቲሲ ነው ብሎ ይገምታል። ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው በተጫኑበት ማሽን ላይ ዊንዶውስ የአካባቢውን ሰዓት፣ ያንን 9፣ ይጽፋል። በማሻሻያ መካከል አጅታይም ከተነካች ሊኑክስ ዘጠኙን ዩቲሲ ነው ብሎ ሦስት ጨምሮበት በጠዋቱ እኩለ ቀን ያሳያል። ሦስት ሰዓት ወደፊት የዘለለ ማሽን ካያችሁ ሌላ አትፈልጉ፤ የዩቲሲና የአካባቢ ሰዓት መደባለቅ ነው። የውስጥ ሰዓቱ የአካባቢውን የሚከተል ሆኖ ስድስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ ከሆነ ሰው በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከሆነ ዓመተ ምሕረቱ ነው። ማሽኑ ከተሠራበት ዘመን አካባቢ ወይም 2000 ላይ ከቆመ ባትሪው ሞቷል። በአሮጌ ማሽን ላይ ባትሪው ሲሞት ቀኑ ብቻ አይጠፋም፤ የባዮሱ ምርጫ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ የዲስኩ አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ ሌላ ሊቀየር፣ የመነሻው ቅደም ተከተልም ሊዛባ ይችላል። ያኔ ማሽኑ ዲስኩን እንኳ አያገኝም።

ማሻሻያው ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት ጊዜም አለ። በከተማችን ከኢትዮጵያ በኩል ተሻግሮ በሚመጣ መብራት ወራት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ሰርቨር ባትሪው ከሞተ ቆይቶ ይሆናል። ሲሠራ ሰዓቱን የሚይዘው ከርነሉ ስለሆነ ማንም አላወቀም። ለማሻሻያው ተብሎ ማሽኑ ጠፍቶ ገመዱ ሲነቀል የተሸሸገው ይወጣል። መለኪያ ሜትር አላችሁ፤ ሲአር2032 ባትሪ አዲስ ሆኖ 3 ቮልት ነው፤ ከዚያ ብዙ የወረደ ካገኛችሁ ከማሻሻሉ በፊት ለውጡት።

እስካሁን የተናገርኩት ስለማይነሳ ማሽን ነው። የማይነሳ ማሽን ቢያንስ ይጮኻል። ከእሱ የሚከፋው በተሳሳተ ቀን ተነስቶ ዝም ብሎ የሚሠራው ነው። አንድ ክሊኒክ አስቡ። ማሽኑ በ2018 ቀን ሆኖ የበሽተኞችን መዝገብ ወር ሙሉ ይጽፋል። በየማታው ባክአፕ አለ፤ ባክአፑ ግን የቀደመው ፋይል ካለው ቀን የበለጠ አዲስ የሆነውን ብቻ ቅዳ ተብሎ የታዘዘ ነው። በ2026 ቀን የተቀመጠው አሮጌ ቅጂ «አዲስ» ሆኖ ይታየዋል፤ የዛሬው መዝገብ በ2018 ስለታተመ «አሮጌ» ነው ብሎ ይተወዋል። ማታ ማታ ባክአፑ ተሠራ ይባላል፤ ምንም አልተቀዳም። በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ሰው ቀኑን ያስተካክላል። በዚያው ሌሊት ከ90 ቀን ያለፉ ፋይሎችን እንዲጠርግ የታዘዘው ስክሪፕት ይነሳና ያን የወሩን መዝገብ ሁሉ ስምንት ዓመት ያለፈው ነው ብሎ ያጠፋዋል። አንድም የስህተት መልእክት አይወጣም። የነፍሰ ጡሯ የደም ዓይነት፣ የሕፃኑ የክትባት ቀን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ወንድሞቼ፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ልጆቹ እያዩአችሁ እንዲህ አድርጉ። ማሻሻያ ከመጀመራችሁ በፊት የሲስተሙን ሰዓትና የውስጥ ሰዓቱን ሁለቱንም አንብቡ፤ በወረቀት ጻፉ፤ አጅታይምንም ቅዱ። ማሻሻያው የቆየውን የማዋቀሪያ ፋይል ልተካ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሳታነቡ «አዎ» አትበሉ። የውስጥ ሰዓቱን በዩቲሲ አድርጉት፤ ዊንዶውስ አብሮ ካለ እሱንም በዩቲሲ እንዲያነብ አዋቅሩት፤ ካልሆነም ሁለቱም የአካባቢውን ይከተሉ፤ አንዱ አንዱን እያፈረሰ እንዳይኖር። የበጋና የክረምት የሰዓት ለውጥ በአገራችን ስለሌለ ሁለቱም ይሠራሉ፤ የማይሠራው መደባለቁ ነው። የእኛን አቆጣጠር የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም ጫኑለት፤ በስክሪኑ ላይ ጥር ወይም ጳጉሜን እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ባዮሱ ውስጥ ግን አንድ አቆጣጠር ብቻ ይግባ።

ማሽኑ ወድቆ ከመጣ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። አስቀድማችሁ ባዮስ ክፈቱ፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን አስተካክሉ፤ የዲስኩን አሠራርና የመነሻ ቅደም ተከተሉን እዩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ኤፍኤስሲኬን ጥሩ። ለሚጠይቀው ሁሉ በጅምላ «አዎ» ብሎ የሚመልስ ትእዛዝ አትስጡ፤ ጥያቄው ስለ ቀን ብቻ ከሆነ አይጎዳም፤ ዲስኩ በእውነት የታመመ ከሆነ ግን ፋይል ቆርጦ ሊጥል ይችላል፤ አስቀድማችሁ በፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ገብታችሁ መዝገቡን ቅዱ። ማሽኑ በተሳሳተ ቀን ሠርቶ ከነበረ ደግሞ ቀኑን ከማስተካከላችሁ በፊት ጠራጊ ስክሪፕቶችን አቁሙ። «ፎርማት» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ የምታወጡት ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ፣ ባለቤቱም ምን እንደሚያጣ ተነግሮት ከፈቀደ ብቻ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀኑ ሩቅ ይመስላል እንጂ አይደለም። ሊኑክስ ጊዜን የሚቆጥረው ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ በሰከንድ ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩ አሮጌ ማሽኖች ቁጥሩ የሚሞላባቸው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው፤ በዩቲሲ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ዕለት፣ ንጋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ማለት ነው። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ቆጠራው ወደ 1901 ይመለሳል። ኢኤክስቲ3 የሆኑ ዲስኮችና በትንሿ የ128 ባይት የፋይል መዝገብ (ኢኖድ) የተሠሩ ኢኤክስቲ4 ዲስኮችም ማሽኑ አዲስ ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲያ መቁጠር አይችሉም። አዲስ ከርነል ከጫናችሁ በኋላ መልእክቶቹን አንብቡ፤ ዲስኩ የሚቆጥረው እስከ 2038 ብቻ ነው የሚል መስመር ካያችሁ ለባለቤቱ በዚያው ቀን ንገሩት፤ መዝገቡን ወደ አዲስ ዲስክ ማዛወሪያ ቀንም አብራችሁ ቅጠሩ።